ቀለሙ የተለያየ ሁሉ የተበላሸ አይደለም

የቤት ዕቃም ሆነ ልብስ ለመግዛት ገበያ የምትወጣ እናት በመጀመሪያ ዓይኗን የምትጥለው ቀለሙ ላይ ነው። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኖ ካገኘችው «ጥሩ ሥራ ነው» ትላለች፤ በመካከሉ ፈዘዝ ወይም ጠቆር ያለ መሥመር ካየች ግን «የተበላሸ ነው» ብላ ትመልሰዋለች፤ አለዚያም ዋጋ ታስቀንስበታለች። ይህ አመዛዘን ለፋብሪካ ዕቃ ትክክል ነው። በእጅ ለተፈተለ፣ በእጅ ለተነከረና በእጅ ለተሠራ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጉዳቱም የሚያርፈው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ የድካሟ ዋጋ በተቀነሰባት ባለሙያ ላይና መልካሙን ዕቃ ጥላ የከፋውን ይዛ ቤቷ በገባችው ገዢ ላይ። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን በእጅ ሥራ ላይ የሚታየው የቀለም መለያየት ከምን እንደሚመጣ፣ የትኛው ጉድለት የትኛው የሥራው ጠባይ እንደሆነ እንመለከታለን።

ስለ አሮጌ የቱርክ ስጋጃዎች

ነገሩን በሌላ አገር ሥራ ብንጀምረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በቱርክ አገር በኮኒያ፣ በኡሻክ፣ በበርጋማና በሌሎችም ቦታዎች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ሴቶች ከበግ ፀጉር ስጋጃ ሲሠሩ ኖረዋል። ስጋጃ የሚለው ቃል ራሱ መስገጃ ምንጣፍ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ «ሰገደ» ከሚለው ከእኛው ግስ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን የቱርክ ስጋጃ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው፣ ቀዩ መደብ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ደመቅ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ፣ እንደገና ጠቆር ሲል ያያል። ሰማያዊውም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ስጋጃውን በወርዱ አቋርጦ በሚሄድ መሥመር ነው።

የዚህ ልዩነት መጠሪያ «አብራሽ» ነው። የቃሉ ትርጉም ዝንጉርጉር ማለት ሲሆን፣ አስቀድሞ ይነገር የነበረው ለፈረስ ነው። የጎጃም ገበሬ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን በሬውን «ቡሬ» ብሎ እንደሚጠራው ማለት ነው። ገበሬው በሬው ቡሬ በመሆኑ ታመመ አይልም፤ ስጋጃ አዋቂዎችም አብራሽን በሽታ አይሉትም። እንዲያውም ዕቃው በእጅ ለመሠራቱ አንዱ ምልክት አድርገው ይቀበሉታል።

መሥመሩ በወርድ የሚሄድበት ምክንያት ከአሠራሩ የመጣ ነው። ሠሪዋ በድሩ ላይ አንድ ረድፍ ቋጠሮ ከዳር እስከ ዳር ትቋጥራለች፤ ከዚያ ማግ ታሳልፍና ትጠቀጥቃለች፤ ቀጥሎ ሌላ ረድፍ ትጀምራለች። አንድ ስጋጃ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። በመካከሉ የነከረችው ቀይ ክር ያልቅና ሌላ ትነክራለች። አዲሱ ክር ከገባበት ረድፍ ጀምሮ ቀለሙ ይለወጣል። አብራሽ ማለት እንግዲህ ባለሙያዋ «እዚህ ላይ ክር አለቀብኝ» ያለችበት ቦታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አንዱ ቀለም ለምን ሁለት ይሆናል?

ሁለት ጊዜ የተነከረ ክር አንድ ሆኖ የማይወጣባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ፀጉሩ ራሱ ነው። የአንድ በግ የትከሻና የጭን ፀጉር አንድ አይደለም፤ የሁለት በጎች ፀጉርማ ይበልጥ ይለያያል። ጥቁር በግ እንኳ የፀጉሩን ጫፍ ፀሐይ ስለሚያገኘው ወደ ቡናማ ይለወጣል።

ሁለተኛው ፈትሉ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ክር እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ላላ ብሎ የተከረረው ቀለሙን ጠጥቶ ሲጠግብ፣ ጠንከር ብሎ የተከረረው ግን ቀለሙ ወደ ውስጥ ሳይገባለት ይቀራል።

ሦስተኛው ማጣበቂያው ነው። ከሥርና ከቅጠል የሚወጣው ቀለም አብዛኛው ብቻውን በፀጉር ላይ አይጸናም። ክሩ አስቀድሞ አሉም በሚባል የማዕድን ጨው ይዘፈዘፋል። የአሉሙ መጠን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ቀለሙ ይለያያል። በአሉም ፋንታ ብረት የገባበት እንደሆነ ቀዩ ወደ ቡናማና ወደ ጥቁር ይሄዳል።

አራተኛው ውሃው፣ እሳቱና ጊዜው ነው። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ አንድ ቀለም አያወጡም። እሳቱ የበረታበትና የደከመበት፣ አንድ ሰዓት የቆየና ያደረ ክርም እንዲሁ ይለያያሉ። በአንድ ድስት መጀመሪያ የገባው ክር ደመቅ ይላል፤ በዚያው ውሃ ቀጥሎ የገባው የተረፈውን ስለሚያገኝ ይፈዝዛል።

ይህን ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እንሶስላ የሞቀች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው። ከአንድ ዕቃ የወጣ አንድ እንሶስላ መዳፍና ተረከዝ ላይ ጠቆር ብሎ ይይዛል፤ የእጅ ጀርባ ላይ ግን ፈዘዝ ይላል። ቀለሙ አንድ ሲሆን የተቀበለው ቆዳ ይለያያልና ነው። ሹራብ የምትሠራ እናትም በክሩ ወረቀት ላይ የታተመውን የሎት ቁጥር ልብ ብላ ካየች ነገሩ ይገባታል። ፋብሪካ እንኳ በአንድ ጊዜ ለነከረው ክር አንድ ቁጥር፣ በሌላ ጊዜ ለነከረው ሌላ ቁጥር የሚሰጠው ሁለቱ ፍጹም አንድ እንደማይሆኑ ስለሚያውቅ ነው።

ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንመለስ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ከስጋጃው ጋር የሚመሳሰሉ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ባና፣ ጋቢና ስፌት።

ባና የሚሠራው ከበግ ፀጉር ነው። በምዕራብ ጎጃም የታወቀው የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ለሥጋ እንጂ ለፈትል አይመችም። ለባና የሚሆነው እንደ መንዝና እንደ ፋርጣ ያሉ የደጋ በጎች ፀጉር ነው። ፀጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎና በእንዝርት ተፈትሎ ለሸማኔ ይሰጣል። ብዙው ባና ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ግራጫው የበጉ የራሱ መልክ ነው። ስለዚህ አንድ ባና ከብዙ በጎች ስለሚወጣ በውስጡ ጠቆርና ፈዘዝ ያለ መሥመር ቢታይበት የሚያስገርም አይሆንም።

በጋቢም ዘንድ ያው ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ አመልማሎ ሆኖ ይፈተላል። አንድ ጋቢ የሚወጣው ልቃቂት ሁልጊዜ በአንዲት ሴት እጅ አይፈተልም። እናት፣ ልጅና ጎረቤት የፈተሉት ሲገናኝ የአንዷ ቀጭን፣ የሌላዋ ወፍራም፣ የአንዱ ዓመት ጥጥ ነጭ፣ የሌላው ዓመት ጥጥ ወደ ክሬም ያደላ ይሆናል። በሸማኔው ዘንድ ማግ ሆኖ ሲገባም ልዩነቱ በወርዱ ይታያል። ከዚህም በላይ የአገራችን የእጅ ሽመና ጠባብ ስለሆነ፣ ጋቢም ባናም የተሠራው በቅድ በቅድ ሆኖ ጎን ለጎን ይሰፋል። ስለዚህ በስፌቱ መሥመር ግራና ቀኝ ትንሽ የመልክ ልዩነት ይኖራል።

ሦስተኛው ስፌት ነው። መሶብ፣ አገልግልና ሌማት የሚሰፉበት አክርማ በቤት ውስጥ፣ በትንሽ ዕቃ፣ ከገበያ በተገዛ ቀለም ይነከራል። በቡሬ ገበያ አንድ ቀን የታዘብነውን እዚህ ላይ ብንጠቅስ ጠቃሚ ይሆናል። አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጡ አንዲት አዛውንት ይዘውት የወጡትን መሶብ አነሣች፤ አገላበጠችና፦

«እማማ፣ ይኼ ቀዩ ከታች ሌላ፣ ከላይ ሌላ ሆነሳ? ተበላሽቶብዎታል እኮ» አለች።

«ኧረ አልተበላሸም ልጄ! ቀለሙ አለቀብኝና ሌላ ገዝቼ ነከርሁ። ቀለም እንደሁ ሁለት ጊዜ አንድ ሆኖ አይወጣም» አሉ አዛውንቲቱ።

«እንግዲያስ ይቀንሱልኝ።»

አዛውንቲቱ ቀነሱ። ጨውና ዘይት ገዝተው፣ ሳይመሽ መንገድ መጀመር ነበረባቸው። መሶቡን ለመስፋት ስንት ሳምንት እንደፈጀባቸው የጠየቃቸው አልነበረም። ስፌቱ ጥብቅ፣ ቅርጹ ቀጥ ያለ፣ ክዳኑ ልክ የገጠመ ነበር። ዋጋው የወረደው አንዲት ባለሙያ ስለ ሥራዋ የተናገረችው እውነት እንደ ጥፋት ስለተቆጠረባት ነው።

እንዲህ ያለው አመለካከት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነበር። ዛሬ በግልጽ የሚሳደብ ቢቀንስም፣ ሥራውን ሳያውቁ ዋጋውን መርገጥ ከዚያው ወገን የሚቆጠር ነው።

የፋብሪካ ቀለም ከመጣ በኋላ

ሁሉም የቀለም ልዩነት ግን መልካም ነው ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ነገር ሲመራመር፣ ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። በ1868 ጀርመናውያኑ ግሬበና ሊበርማን፣ ማደር ከሚባለው ተክል ሥር የሚወጣውን ቀይ በላቦራቶሪ ሠሩት። በ1897 ደግሞ ባስፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ ለገበያ አቀረበ። አዲሱ ቀለም ርካሽና ለሥራ ቀላል ስለነበረ በቱርክ መንደሮችም በፍጥነት ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ብዙዎቹ ፀሐይ አይችሉም፤ ውሃ ሲነካቸውም ይለቃሉ። ደማቁ ሐምራዊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አመድ መሰለ። ቀዩም ወደ ነጩ ፈሰሰ።

ከዚህ የከፋው ግን ዕውቀቱ መጥፋቱ ነው። እናት ለልጇ ታስተላልፈው የነበረው የሥርና የቅጠል ቀለም አነካከር በብዙ መንደር ተረሳ። በ1981 ሃራልድ በመር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ መምህር ከኢስታንቡሉ ማርማራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአሮጌ ስጋጃዎችን ቀለም በላቦራቶሪ መርምሮ የደረሰበትን፣ በአይቫጂክ አካባቢ ላሉ መንደሮች እንደገና አስተማረ። ዶባግ በሚባለው በዚህ ሥራ የመንደሩ ሴቶች የአያቶቻቸውን አነካከር መልሰው ተማሩ፤ የሠሩት ስጋጃም እስከ ውጭ አገር ገበያ ደረሰ።

እኛ ዘንድ ይህ ታሪክ ትምህርት ይሆናል። የእንሶስላው፣ የሱፍ አበባው፣ የመቅመቆው ሥር ቀለም ዛሬም በእናቶች ዘንድ ይታወቃል። ዕውቀቱ ሳይጠፋ ከሚያውቁት መማር፣ ከጠፋ በኋላ ላቦራቶሪ ገብቶ ከመፈለግ የቀለለ ነው።

ጉድለትን ከጠባይ እንዴት እንለያለን?

በእጅ የተሠራ ምንጣፍ፣ ባና ወይም ጋቢ ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተሉትን ተመልከቱ።

የልዩነቱን አቅጣጫ አስተውሉ። መሥመሩ የሽመናውን ረድፍ ተከትሎ በወርድ የሚሄድ ከሆነ የክር ለውጥ ነው። ክብ፣ ጠምዛዛ ወይም አቅጣጫ የሌለው ከሆነ ግን የፈሰሰ ነገር ወይም የእርጥበት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጀርባውን ገልብጡ። የክር ለውጥ ከፊትም ከጀርባም እኩል ይታያል። ፀሐይ ያጠፋው ቀለም ግን ፊቱ ላይ ብቻ ይፈዝዛል፤ ጀርባው ደማቅ እንደሆነ ይቀራል። ምንጣፍ ከሆነ ፀጉሩን በጣት ፈልቅቃችሁ ሥሩን እዩ። ጫፉ አመድማ፣ ሥሩ ደማቅ ከሆነ የማይጸና ቀለም ነው። አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ የሄደ እንደሆነም አይግረማችሁ። በድሮው አነካከር አረንጓዴ የሚገኘው ቢጫና ሰማያዊ ተደርቦ ነው፤ ቢጫው ቀድሞ ሲጠፋ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል።

በነጭ ጨርቅ ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ ቀዩንና ጥቁሩን ቀስ ብላችሁ እሹ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ዕቃው ሲታጠብ ይለቃል ማለት ነው። በጥለትና በጥበብ ልብስ ላይ ይህን ፈተና ማለፍ አይገባም፤ አንድ ጊዜ ወደ ነጩ የፈሰሰ ቀለም በቀላሉ አይመለስምና። ጨው የሚለቅ ቀለምን ያጸናል የሚባለውም አያስተማምንም።

ክሩን መርምሩ። «የእጅ ፈትል ነው» ተብሎ ማጉ ግማሹ የእጅ፣ ግማሹ የፋብሪካ ክር ሆኖ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ይህ የቀለም ጠባይ ሳይሆን ማታለል ነው። የእጅ ፈትል ወፈርና ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ከዳር የተመዘዘ ትንሽ ክር በእሳት ብትነኩት የበግ ፀጉር እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ይህን ስታደርጉ ከልጆችና ከዕቃው ራቁ።

ድግግሞሹን እዩ። የቀለም መለያየት በመወደዱ በማሽን አስመስለው የሚሠሩ አሉ። እውነተኛው ልዩነት ባልታሰበ ቦታ ይጀምርና ባልታሰበ ቦታ ያበቃል፤ አስመስሎ የተሠራው ግን በእኩል ርቀት ይደጋገማል።

አያያዝን በተመለከተ

ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ ባናና ምንጣፍ በብዙ ቤት አለ። ይህን ዕቃ በበረኪና ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። በረኪና ቀለሙን ከማጥፋቱም በላይ የበግ ፀጉርን ራሱን ያሟሟል። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና በቂ ነው። ሳይጠመዘዝ፣ በጥላ ቦታ ተዘርግቶ ይድረቅ። ምንጣፍ በመስኮት አጠገብ የተነጠፈ እንደሆነ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ዞር ቢደረግ ፀሐዩ አንድ ወገን ብቻ አይበላውም። ባና ደግሞ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ካልተቀመጠ ብል ይገባዋል፤ አልፎ አልፎ አውጥቶ ማራገፍ ይጠቅማል። በአሮጌ ስጋጃ ላይ ጥቁሩና ቡናማው ክር ከሌላው ዝቅ ብሎ የተበላ ከሆነ፣ ብረት ያለበት ማቅለሚያ በጊዜ ብዛት ፀጉሩን ስለሚያደክመው ነውና በብሩሽ አትሹት።

በቤት ውስጥ አክርማ የምትነክሩ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር እንዳትዘነጉ። ከገበያ የሚገዛው የዱቄት ቀለም ለጨርቅና ለሣር እንጂ ለምግብ የተሠራ አይደለም። የተነከረበት ድስት ወጥ አይሠራበት፤ ዱቄቱም ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። ከእንጀራው ጋር የሚነካካውን የመሶቡን ውስጥ ቀለም ባልነካው ሣር መስፋት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ማልበስ የተሻለ ነው።

ለባለሙያዎችም አንድ ምክር አለን። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ክር ወይም አክርማ በአንድ ጊዜ መንከር ከተቻለ ይመረጣል። ካልተቻለ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን ነክሮ፣ ጥቂት ዙር ከአንዱ፣ ጥቂት ዙር ከሌላው እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ቀስ በቀስ እንዲሆን ያደርገዋል። ሹራብ ሠሪዎችም የሎት ቁጥሩ የማይገጥም ክር ሲያጋጥማቸው ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ ቢሠሩት ልዩነቱ ለዓይን አይጎላም። አለዚያም አዲሱን ቀለም የአበባው ወይም የጥለቱ ወሰን ላይ መጀመር ይቻላል።

ገዢዎች ሆይ፣ መብታችሁ የተጠበቀ ነው። ቀለሙ የሚለቅ፣ ክሩ የተቀላቀለ፣ ስፌቱ የላላ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ዋጋ አስቀንሱ፤ ከፈለጋችሁም መልሱ። የቀለም መሥመር ብቻ ያያችሁበት እንደሆነ ግን ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ሠሪዋን «ይኼ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትመልስላችሁን ካዳመጣችሁ በኋላ፣ ስፌቱንና ፈትሉን ተመልክታችሁ የሚገባትን ክፈሉ።